ስለ ሕፃናት ሥዕላዊ መጻሕፍትና ስለ ዕቃ ዕቃ ጨዋታ

በሮቢት ሜዳ የማሽላው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ የሚቀረው አገዳ ለአዋቂ ሰው የከብት መኖ ወይም ማገዶ ነው። ለሕፃን ግን አንድ ጊዜ ፈረስ፣ አንድ ጊዜ ቤት፣ አንድ ጊዜም ግመል ይሆናል። አንዱ ከጭቃ በሬ ሠርቶ ያርሳል፤ ሌላይቱም ዕቃ ዕቃ ስትጫወት ከአፈር እንጀራ ጋግራ እንግዳ ትጋብዛለች። ይህ ለብዙ ሰው የሥራ ፈት ነገር ይመስለዋል፤ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚባለውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን በዓይን የማይታየውን በልብ ማየት የሚጀመረው ከዚህ ነው። ፊደልን ማንበብም ምልክቱን አይቶ በምልክቱ ውስጥ የሌለውን ነገር ማሰብ ነውና፣ አገዳውን ፈረስ ያደረገ ሕፃን ወደ ንባብ የሚወስደውን መንገድ ጀምሯል።

እንግዲህ ለትንሽ ልጅ የተዘጋጀ ሥዕላዊ መጽሐፍ ሲመዘን፣ ምን ያህል ምክር ይዟል ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ሕፃኑ መጽሐፉን ከዘጋው በኋላ ምን ይጫወታል ብሎ መጠየቅም ይገባል።

በሥዕል ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ፊደል ያልቆጠረው ምእመን የቅዱሳንን ታሪክ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲማር ኖሯል። በአውሮፓም የሞራቪያ ወንድሞች ጳጳስ የነበረው ኮሜኒዩስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1658 ዓ.ም. በኑረምበርግ ከተማ ለልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ አሳትሟል። የእርሱ መጽሐፍ የሚያሳየው በዓለም ያለውን ነገር ከነስሙ ነው። በዚሁ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. አሜሪካዊቱ አንቶኔት ፖርቲስ ያወጣችው መጽሐፍ ግን ሌላ መንገድ ይዟል። አንዲት ጥንቸል በካርቶን ውስጥ ተቀምጣ ሳለች ምን እንደምታደርግ ስትጠየቅ፣ ካርቶን አለመሆኑን ትመልሳለች፤ ገጹ ሲገለጥም ካርቶኑ የእሽቅድምድም መኪና ሆኖ ይታያል። የሮቢት ልጅ ይህን ሥዕል ቢያይ፣ ካርቶን ባይኖረው እንኳ፣ በአገዳው የሚያደርገውን ሁሉ ያውቀዋል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሣው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። እርሳቸው ከደራሲዋ ከጄን ከርትዝ ጋር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. የሕፃናትን ንባብ የሚረዳ ማኅበር መሥርተው፣ በ2002 የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ በሥዕል አሳተሙ፤ በ2003ም በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ማሞ ቂሎ ትናንት የተመከረውን ዛሬ በማይገባው ነገር ላይ ይፈጽማል። የተረቱ ኃይል እዚህ ላይ ነው፤ ማሞ መሳሳቱን ሰሚው ሕፃን ማንም ሳይነግረው ዐውቆ ይሥቃል፤ ሥቆም ሲያበቃ እርሱ ራሱ ማሞ፣ እኅቱም እናቱ ሆነው ይጫወቱታል። ጉድለት ቢፈለግለት፣ ተረት የሚሄደው በቃል ስለ ሆነ፣ ገና ያላነበበው ሕፃን ብቻውን ሊዘልቀው አይችልም፤ የሚያነብለት ሰው ያስፈልገዋል።

ከዚህ የሚብሰው ጉድለት በብዙ የተረት መጻሕፍት መጨረሻ የሚጨመረው የምክር ቃል ነው። ተረቱ አልቆ ሕፃኑ ሊነሣና ሊጫወት ሲል፣ ደራሲው «ከዚህ የምንማረው» ብሎ በሩን ይዘጋበታል። ተግሣጽ ለልጅ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ወላጅም የንስሐ አባትም በየጊዜው ይሰጡታል። ነገር ግን ሕፃኑ ራሱ አግኝቶ የተጫወተው ትምህርት፣ ሌላ ሰው ደምድሞ ከሰጠው ይልቅ በልቡ ይቀመጣል።

ይህ ጉዳይ ለራያ ቆቦ የቅንጦት ክርክር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እዚያ የደረሰው ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ጎድቷል። የጎደለው መደርደሪያ ሲሞላ ገንዘቡ ጥቂት፣ መጽሐፉም የተመረጠ መሆን አለበት። በዓይኑ ብዙ ጥፋት ላየ ልጅ የፈረሰውን በጨዋታ መልሶ የሚሠራበት መጽሐፍ ቢቀርብለት መልካም ነው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ ነገ ራቱን የሚያቦካው ግን ዛሬ አፈር የሚያቦካው እጅ ነው።