የድስት ገልና የጨው መንገድ፦ ከካምፓላ የታየ የንግድ ታሪክ

ማርጋሬት ትሮዌልና ክላውስ ዋክስማን እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተሙት መጽሐፍ የኡጋንዳን የእጅ ሥራ ውጤቶች «ጎሳ» በሚል ርእስ ሥር ያሰባሰበ ነው። ዋክስማን ያኔ የኡጋንዳ ሙዚየም ኃላፊ ነበር። ሙዚየሙ በዓመቱ፣ በ1954፣ ኧርንስት ማይ ወደነደፈው የኪታንቴ ሕንፃ ተዛወረ። መጽሐፉ በጥንቃቄ የተሠራ መሆኑ አያከራክርም። ዕቃውን ሁሉ የሚጠይቀው ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ የማን ነህ? ከመሬት የሚወጣውን ገል ያጠኑ አርኪዮሎጂስቶችም ለረጅም ጊዜ ከዚሁ ጥያቄ አልራቁም። ኡሬዌ የተባለው ጥንታዊ ሸክላ ለባንቱ ተናጋሪ ገበሬዎች መምጣት፣ በተጠማዘዘ ሣር የታተመው የኋለኛው ሸክላ ደግሞ ከሰሜን ለወረዱ ከብት አርቢዎች ምስክር ተደርጎ ተቆጠረ። ድስት በገበያ ተገዝቶ፣ ተለውጦ፣ በሰው ጭንቅላት ተጉዞ ሊሆን እንደሚችል ያሰበ ጥቂት ነው።

ይህ አነባበብ ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። በካምፓላው የካባላጋላ ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤቶች ጓሮ ወደፊት የሚቆፍር ሰው የጀበና ገል አግኝቶ «እዚህ ሐበሾች ኖረዋል» ቢል ልክ ነው። በጀበናው የፈላው ቡና ከሲዳማ ይሁን ከኤልጎን ተራራ ግን የጀበናው ቅርጽ አይነግረውም። ባለቤትነትና ንግድ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ አንዱን የሚመልስ ማስረጃ ሌላውን መመለስ አለበት የሚል ሕግ የለም።

የሮማን ንግድ ያጠኑ ሰዎች ይህን ልዩነት ቀድመው ተረድተዋል። ሮም ከተማ ውስጥ ያለው የሞንቴ ቴስታቾ ጉብታ በአብዛኛው ከደቡብ እስፓኝ የወይራ ዘይት ባመጡ፣ አምፎራ በተባሉ የሸክላ ዕቃዎች ስብርባሪ የተከመረ ነው፤ የአምፎራዎቹ ቁጥር ከ50 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። እሱ ግን ዝነኛው ምሳሌ ነው፤ ማኅተምና የቀለም ጽሑፍ ስላለበት ራሱ ይናገራል። እኔን የበለጠ የሚገርመኝ በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ፣ በፑል ወደብ አካባቢ የተሠራው ጥቁር ድስት ነው። ያለ መንኮራኩር በእጅ የተሠራ፣ አሸዋ የበዛበት፣ ውጪው በጠጠር ታሽቶ የለሰለሰ፣ የእኛ አገር ሸክላ ሠሪ ብታየው የማትደነቅበት ዕቃ ነው። ዴቪድ ፒኮክና ዴቪድ ዊልያምስ በ1960ዎቹና 70ዎቹ በሸክላው አሸዋ ውስጥ ያሉትን ከባድ ማዕድናት ለይተው ሲመረምሩ፣ ቱርማሊን የበዛበት የዚያው አካባቢ አሸዋ ሆኖ ተገኘ። ከ120 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ይህ ተራ ድስት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በሰሜኑ የሐድሪያን ግንብ ምሽጎች የወታደር ምግብ አብስሏል። ሸክላ ይሰበራል፣ ርካሽ ነው፣ ስለዚህ ሩቅ አይሄድም የሚለው ግምት በዚህ ፈረሰ። ድስቱ ምናልባት ለብቻው አልተጓዘም፤ ለሠራዊቱ በሚሄድ ሌላ ጭነት ላይ ተደርቦ ሳይሆን አይቀርም። በጌጥና በቅርጽ ብቻ ቢፈረድበት ኖሮ ግን በየሰፈሩ የተሠራ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ትምህርቱ አዲስ አይደለም። በአክሱምና በአዱሊስ ቁፋሮ የሚወጣ አንድ ዓይነት ቀጭን አምፎራ፣ ምድጃዎቹ በአቃባ ከተገኙ ወዲህ፣ ከጥንቷ የአይላ ወደብ በቀይ ባሕር የመጣ መሆኑ ታውቋል። መጓዙን የነገረን የተሠራበት ቦታ መታወቁ ነው።

ታዲያ ዘዴውን አንሥቶ ወደ ኡጋንዳ ማምጣት ይበቃል? እዚህ ላይ ኪቢሮ ያስቸግራል። ኪቢሮ በቡንዮሮ፣ ከአልበርት ሐይቅ ዳር ከገደሉ ሥር ያለች የጨው መንደር ናት፤ ግራሃም ኮና በ1980ዎቹ መጨረሻና በ90ዎቹ መጀመሪያ ቆፍሯታል። ሥራው የሴቶች ነው። ከፍል ውሃው በሚረጥበው መሬት ላይ ደረቅ አፈር ይበትናሉ፤ አፈሩ ጨዋማውን ርጥበት ከሥር ይስባል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። ይፋቅና በተበሳ ዕቃ ውስጥ ይደረጋል፤ ውሃ ሲፈስበት ከታች የሚንጠባጠበው ጨው የጠገበ ውሃ እንጨት ተማግዶ እስኪደርቅ ይፈላል። አፈሩ አይጣልም፤ ተመልሶ ይበተናል። ዛሬ በብረት ዕቃ የሚፈላው ድሮ በሸክላ ነበር። ለእርሻ የማይመቸው ይህ ጠረፍ ቢያንስ ለ700 ዓመት ጨው እየሰጠ እህል ተቀብሏል።

ስለዚህ በኪቢሮ የሮማው ነገር ተገለበጠ። በሞንቴ ቴስታቾ ዕቃው ይዘቱን ተሸክሞ መጣ፤ በኪቢሮ ይዘቱ ሄደ፣ ዕቃው ቀረ። ጨው ተበልቶ ያልቃል፣ ዱካ አይተውም፤ ብዙ ጊዜም የሚጓዘው በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ነው። በመንደሩ የተከመረው ገል የሥራውን ብዛት ይለካል እንጂ ንግዱ እስከየት እንደደረሰ አይናገርም። ገሉን ቆጥሮ «ታላቅ የንግድ ማዕከል» ብሎ መደምደም ከጎሳ አመዳደቡ የተሻለ አይደለም።

የተሻለ መንገድ ያሳዩ ጥናቶች ግን አሉ። አርኪዮሎጂስቷ ኬሪ አሽሊ የታላላቅ ሐይቆችን ሸክላ ስታጠና የማን ነው የሚለውን ትታ ምን ተደረገበት፣ ስንት ሰው ተመገበበት ብላ ጠይቃለች። ኢንቴቤ የሚባለው ሸክላ ትልልቅ ዕቃዎች ያሉበት ሲሆን በቪክቶሪያ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻና በደሴቶቹ ተወስኖ ይገኛል። ይህ ሥርጭት ሐይቁን ድንበር ሳይሆን የታንኳ መንገድ አድርጎ ለማየት ያስገድዳል። በ1929 ከካምፓላ አጠገብ ሉዚራ እስር ቤት ሲቆፈር ወጥቶ ለንደን የገባው ዝነኛ የሸክላ ራስም ከዚሁ የሐይቅ ዳር ዓለም ተነጥሎ ብቻውን መታየቱ ጎድቶታል።

የማዕድን ምርመራው የሚሞከርበት ቦታ ምረጥ ብባል በምዕራብ ኡጋንዳ ያለውን ካትዌን እመርጣለሁ። የቡጋንዳ መሬት በጣም ያረጀ ዓለት ነው፤ የአንዱ ኮረብታ ጭቃ ከሌላው ለመለየት አይመችም። ካትዌ ግን በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያለ የጨው ሐይቅ ነው፤ የእንግሊዙ መኮንን ሉጋርድ በ1890 በአሮጌው ካምፓላ ምሽግ ከሠራ በኋላ በ1891 እዚያም ምሽግ ያቆመው ጨዉ የንግድ ቁልፍ ስለነበር ነው። በካትዌ አካባቢ ጭቃ የተሠራ ድስት የእሳተ ገሞራ ቅንጣት ይኖርበታል ብሎ መጠበቅ ይቻላል። እንዲህ ያለ ቅንጣት በሩቅ የቡጋንዳ ምድጃ ገል ውስጥ ከተገኘ ድስቱ ራሱ ተጉዟል ማለት ነው። ካልተገኘ ደግሞ ጨው እንጂ ድስት አልተንቀሳቀሰም፣ ሸማቹም በሰፈሩ ሸክላ አበስሏል ለማለት መነሻ ይሆናል፤ ያኔ የንግዱን ርቀት ከሸክላ ሳይሆን ከሌላ ማስረጃ መፈለግ ግድ ነው።