የመቻል ሁዳዴ

ሕክምና በጀመርሁ ሰሞን ስለ ውሻ ቆዳ የነበረኝ ዕውቀት በሁለት ብልቃጥ የሚያልቅ ነበር። ገላውን እያከከ፣ ጠጕሩ እየረገፈ፣ ሆዱ መግል ባዘለ ሽፍታ ተሞልቶ ለሚመጣው ድውይ ሁሉ ከአንደኛው ብልቃጥ ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ከሁለተኛው ዴክሳሜታዞን ወግቼ እሰድደው ነበርና፣ በሳምንቱ ማሳከኩ ጸጥ ሲል፣ ባለቤቱም ሲመርቀኝ፣ ጥበብ ከእኔ ጋር የተወለደች ይመስለኝ ነበር። በወሩ ያው ውሻ ያንኑ ቍስል ይዞ ሲመለስ ግን ጥፋቱን የማላክከው በባለቤቱ ወይም በአየሩ ላይ እንጂ በራሴ ላይ አልነበረም።

ከዚህ ትዕቢት ያወጣኝ መቻል የሚባል ቡናማ የግቢ ውሻ ነው። እመቤቱ በጕለሌ በኩል የሚኖሩ ባልቴት ሲሆኑ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ አምጥተውልኝ፣ በስድስተኛው፣ «ልጄ፣ ያንተ መድኃኒት እንግዳ ነው፤ ሰንበትበት ብሎ ይሄዳል፤ ቤተኛው እከኩ ነው» አሉኝ። በመካከሉም ዘበኛው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀብቶት ኖሮ (ይህ ቆዳን የሚያቃጥል፣ ውሻው ሲልሰውም የሚመርዝ ክፉ ልማድ ነው) የውሻው ጎን እንደ ተላጠ ግድግዳ ሆኖ ነበር። ስድስቱን ካርድ በጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ባነብ፣ በስድስቱም ላይ «የቆዳ መመርቀዝ» ብዬ ጽፌአለሁ፤ ስለምን መረቀዘ የሚል ግን በአንዱም ላይ የለም።

ይህን ቍስል አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ባክቴሪያ ስታፊሎኮከስ ሲውዲንተርሚዲየስ ይባላል፤ ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ የተሰየመውም እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ከውሻው ጋር ያለው ጕርብትና ጥንታዊ ነውና፣ በጤነኛው ውሻ አፍንጫ፣ አፍና ፊንጢጣ ዙሪያ ያለ ጠብ ይኖራል። ቆዳው ምሉዕ ሆኖ ሳለ የማይደፍረው ይህ ጎረቤት፣ ውሻው በማከክና በመላስ አጥሩን ራሱ ባፈረሰው ጊዜ ይገባል፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ የገባውን ስቀጣ፣ ውሻው አጥሩን እንዲያፈርስ ያስገደደው ምን እንደ ሆነ አልጠየቅሁም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ቆዳውን ደም ጠብ ጠብ እስኪል በስለት ፍቄ፣ በጠጕር ሥር የሚያድረውንና ቆዳ የሚቦረቡረውን የእከክ ተባይ በማይክሮስኮፕ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። የሚቦረቡረው ግን ተፈልጎ ስለታጣ ብቻ የለም ተብሎ የሚፈረድለት አይደለምና የእርሱንም መድኃኒት ሰጠሁ። በቀጭን ማበጠሪያ አበጥሬ የወጣውን ጥቍር ብናኝ በረጠበ ነጭ ወረቀት ላይ ብበትነው አልቀላም፤ የቍንጫ ኵስ የተመጠጠ ደም ነውና ቢሆን ኖሮ ይቀላ ነበር። በመጨረሻም ግልጽ ፕላስተር በቍስሉ ላይ ለጥፌ፣ ነቅዬ፣ ቀለም ነክሬ ብመለከት፣ ባክቴሪያው እንደ ወይን ዘለላ ተከማችቶ፣ ከጐኑም የጫማ ዱካ የሚመስለው እርሾ ተሰልፎ አየሁት።

ሴፋሌክሲን በአፍ፣ ክሎርሄክሲዲን ያለበት ሻምፖ በሳምንት ሁለት ጊዜ አዘዝሁ። ሻምፖው ሳይታጠብ አሥር ደቂቃ በገላው ላይ ካልቈየ ሥራውን አይሠራም ብዬ ባጠብቅባቸው፣ እማማ ሰዓት የላቸውምና፣ «የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ደግሜ እስክጨርስ ይበቃል?» አሉኝ፤ ወዲያውም ራሳቸው፣ «የለም፣ ጸሎት በውሻ ገላ ላይ አይደገምም» ብለው፣ ቡና ተቈልቶ እስኪወቀጥ ሊጠብቁ ወሰኑ። እኔ ከጻፍሁት ትእዛዝ ሁሉ በትክክል የተፈጸመው ይህ ነው።

ማሳከክን ጸጥ የሚያሰኘውን ዴክሳሜታዞን ግን ከለከልሁ። ማሳከክ ምስክር ነው፤ እርሱን አፍ አስይዞ ፍርድ መስጠት አይቻልም። በአምስተኛው ሳምንት ሽፍታው ጠፋ፤ ሽታው ጠፋ፤ ፕላስተሩም ንጹሕ ሆነ። መቻል ግን ጣቶቹን መላስ፣ ጆሮውን መጫር አልተወም።

ያን ጊዜ መድኃኒቱን ትቼ ስለ ኑሮው ጠየቅሁ፤ የት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚበላ፣ በየትኛው ወር እንደሚብስበት። እማማ ብዙ አስበው፣ «በሁዳዴ እኮ ይሻለዋል» አሉ። በሌላው ወራት ምግቡ ከሉካንዳ የሚገዛ የበሬ ሳንባና አጥንት ነው፤ በዐቢይ ጾም ሉካንዳው ሲዘጋ ከቤቱ ሰው ጋር የእንጀራ ፍርፋሪ እየበላ ይሰነብታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ፣ የምግብ አለርጂ ካለባቸው 297 ውሾች 34 በመቶው የማይስማማቸው የበሬ ሥጋ ሆኖ ተገኝቷልና ልቤ ዘለለ። ነገር ግን ሁዳዴ የበጋም ወር ነው፤ ጾሙ ይሁን ደረቁ አየር ያሻለው በምን ይታወቃል? ፍልሰታን ብጠይቃቸው አላስተዋሉም፤ የውሻ ቆዳ ራሱን የሚያድሰው በሦስት ሳምንት ያህል ሲሆን ፍልሰታ ግን ዐሥራ አምስት ቀን ስለሆነ፣ ለምስክርነት አጭር ነው።

ፈተናውን በክረምት አደረግሁት። የምግብ አለርጂን የሚለይ የደም ምርመራ እናደርጋለን የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አላምነውም፤ የሚታመነው ውሻውን ከዚህ ቀደም ቀምሶት የማያውቀውን ብቻ ስምንት ሳምንት ማብላት ነው። ይህም ኀምሳ ስድስት ቀን ነውና ከሁዳዴ በአንዲት ቀን ብቻ ይበልጣል፤ እማማም ይህን ስነግራቸው ነገሩ ያለ ተጨማሪ ስብከት ገባቸው። ሽሮ ይበቃዋል ቢሉኝም፣ በወጡ ውስጥ ያለው ሽንኵርት የውሻን ደም የሚጐዳ ስለሆነ እንቢ ብዬ፣ የዝዋይ ዓሣና ድንች ያለ ጨውና ያለ በርበሬ እንዲቀቀልለት አዘዝሁ፤ ሰኔ 15 ተጀመረ። ሐምሌ 5፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ዘበኛው አዝኖለት፣ «እርሱስ ፍጡር አይደለም ወይ?» ብሎ የበሬ ቅልጥም ሰጠው። መቻል በሦስተኛው ቀን ክርኑን አቈሰለ። እማማ ዘበኛውን ሊቈጡት ሲነሡ ያስጣልሁ እኔ ነኝ፤ ቍጥሩን ግን ከአንድ ጀመርን። ፍልሰታም በመካከል ገብቶ የዓሣው ድስት ከማድ ቤት ወጥቶ በጓሮ በተጐለተ ምድጃ ላይ ሲበስል ከረመ።

ጳጕሜን ሲገባ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ መቻል ሌሊቱን ሙሉ ይተኛ ነበር። ስለዚህ ያሻለው ደረቁ አየር አልነበረም። ለእንቍጣጣሽ የበሬ ሥጋ እንዲሰጠው እኔው አዘዝሁ፤ እማማ ይህን ትእዛዝ ጭካኔ ነው ብለው ቢቃወሙም፣ ያለዚህ ማስረጃው ግማሽ ነበር። በአራተኛው ቀን ጣቶቹን ሲያኝክ አገኙት፤ ዓሣውም ተመለሰለት።

አዲስ ካርድ አውጥቼለታለሁ፤ የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ጥቅምት 12፤ ቍስል የለም፤ ጆሮው ደኅና ነው፤ ሣሩ ካበበ ወዲህ የፊት እግሮቹን ጥቂት ይልሳል።»