ከአፋፉ የታየችው ቤተ ጊዮርጊስ

ናይሮቢም ሆነ ጅቡቲ፣ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት የገባ ሰው አንዱን ፎቶግራፍ ሳያይ አይወጣም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀይ ዓለት ተቆርጦ የወረደ ጥልቅ ጉድጓድ፣ በመካከሉ በመስቀል ቅርጽ የቆመች ቤተ ክርስቲያን፣ በጣሪያዋ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹ ሦስት መስቀሎች፤ አንዳንዴም በአፋፉ ላይ ነጠላውን አጣፍቶ የቆመ አንድ ምእመን። የላሊበላዋ ቤተ ጊዮርጊስ ናት። በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ በፖስታ ካርድ፣ በጉዞ ወኪሎች መስኮት ላይ የሚታየው ይኸው ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ይለዋወጣል፤ የቆመበት ስፍራ ግን አይለወጥም።

ይህ ስፍራ ምን ያሳያል፣ ምንስ ይሰውራል? ጥያቄው የፎቶግራፍ ጥበብ ብቻ አይደለም። ላሊበላን በዓይኑ ያላየ እጅግ ብዙ ሰው የሚያውቃት በዚህ ምስል ነውና፣ ምስሉ የጎደለው እንደሆነ የሰውም ዕውቀት ይጎድላል።

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ በተዳፋት የተቀመጠች ከተማ ናት። ቤተ ጊዮርጊስ ከሌሎቹ አሥር ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ተነጥላ ለብቻዋ በዓለቱ ዘቅዛቃ ላይ ተፈልፍላለች። ሌላው ዓለም ስመ ጥር ሕንጻውን ከሩቅ ይታይለት ዘንድ በኮረብታ ራስ ላይ ሲያቆም፣ የዚህች ጣሪያ ከዙሪያዋ መሬት ጋር እኩል ነው። መንገደኛው እግሩ ጉድጓዱ ከንፈር ላይ እስኪደርስ ድረስ ምንም አያይም፤ ሲደርስ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያያል። ካሜራ የሚያፈቅረው ይህንን ድንገት መገለጥ ነው። ነገር ግን የጎብኚው ድንጋጤ በወረቀት ላይ አይታተምም። የሚታተመው ቅርጹ ብቻ ነው።

ለፎቶግራፉ ፍርድ ሳያጓድሉ መናገር ይገባል። ከላይ ማየት በራሱ ስሕተት አይደለም። ይህች ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ አልተሠራችም፤ ጠራቢዎቹ የጀመሩት ከጣሪያው ነው። በመጀመሪያ ዙሪያውን ቦይ ቆርጠው ትልቁን ዓለት ለዩ፣ ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች እየጠረቡ 12 ሜትር ያህል ወረዱ፣ ውስጡንም ፈለፈሉ። ሦስቱ መስቀሎች ወደ ሰማይ ተገልጠው የተቀረጹ ናቸውና ከአፋፉ ካልሆነ ከየትም አይታዩም። ስለዚህ ከላይ የሚታየው ገጽ ጠራቢዎቹ ያሰቡበት ገጽ ነው። የፎቶግራፉ ጉድለት ከላይ መጀመሩ ሳይሆን እዚያው መቅረቱ ነው። ጠራቢዎቹ ወርደዋል፤ ካሜራው አልወረደም።

ስለ ላሊበላ ለአውሮፓ አንባቢ ቀድሞ በሰፊው የጻፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ካሜራ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1520 ከንጉሡ መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ስድስት ዓመት ያህል የቆየው ይህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1540 በሊዝበን በታተመው መጽሐፉ አብያተ ክርስቲያናቱን እየተዘዋወረ ገልጿል፤ መጠናቸውንና አሠራራቸውን በቃላት ለማስጨበጥ ደክሟል። በመጨረሻም የጻፈውን የሚያምነው ሰው እንዳያጣ ሰግቶ፣ እውነት መሆኑን በአምላክ ስም እስከ መማል ደርሷል። ፎቶግራፍ ከመጣ በኋላ መሐላው አላስፈለገም። ምስሉ ራሱ ምስክር ሆነ። ሆኖም አልቫሬዝ ማመንን ለማግኘት ሲል በዝርዝር ያወረደው ሁሉ ማመን በቀላሉ ሲገኝ አብሮ ተረሳ። ይህ የታሪክ ምጸት ነው።

በሃያኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ላይ ሌላ ምዕራፍ ተከፈተ። ከአየር በሚያነሣቸው ፎቶግራፎች የታወቀው ስዊዘርላንዳዊ ጌኦርግ ጌርስተር እ.ኤ.አ. በ1968 በጀርመንኛ፣ በ1970 በእንግሊዝኛ ስለ ኢትዮጵያ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት መጽሐፍ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ላሊበላ ከሰሜን ተራሮች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ የመጀመሪያ መዝገብ ከሰፈሩት 12 ስፍራዎች አንዷ ሆነች። የቱሪዝም ፖስተር ከዚህ ሁሉ ዕውቀት የመረጠው አንዱን ማዕዘን ነው። ፖስተር ዓርማ ይፈልጋልና ቤተ ጊዮርጊስ ዓርማ ሆነች፤ ዓርማ ደግሞ በር አያስፈልገውም።

ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ በዓለቱ ውስጥ የተቆረጠ ጠባብ ቦይ ነው። እዚህ የሚገባ ሰው አፋፉ ላይ ያየውን መስቀል ወዲያው ያጣዋል። በግራና በቀኝ ግድግዳው ከፍ እያለ ይሄዳል፣ ሰማዩ ይጠባል፣ የእግር ኮቴ ድምፅ ይለወጣል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ስለ ስሙ ቤተ ክርስቲያን እንዳልታነጸለት ንጉሡን ለመውቀስ በፈረሱ መጣ የሚለው ትውፊት የሚተረከውም እዚህ ነው፤ የፈረሱ ኮቴ ምልክትም በድንጋዩ ላይ ለእንግዳ ይታያል። ከቦዩ ወጥቶ ግቢው ላይ ሲቆም ከላይ ትንሽ መጫወቻ ትመስል የነበረችው ሕንጻ በላዩ ትቆማለች። ደረጃ በደረጃ በተጠረበ መሠረት ላይ ናት። የታችኞቹ ዘጠኝ መስኮቶች ተቀርጸው እንጂ አልተከፈቱም፤ ብርሃን የሚያስገቡት አናታቸው እንደ አበባ የተጌጠ 12ቱ የላይኞቹ ናቸው። በታችኛው ረድፍ ማዕዘኖች ላይ ብቅ ያሉት የአክሱም ሕንጻዎች የእንጨት ጫፎች አምሳያ በድንጋይ መቀረጹ፣ ጠራቢዎቹ በእንጨትና በድንጋይ ይሠሩ የነበሩትን አባቶቻቸውን እንዳልዘነጉ ይመሰክራል። ከአፋፉ በተነሣ ፎቶግራፍ ይህ ሁሉ በጥላ የተዋጠ ነው። የዛጔ ጠራቢዎችን ከአክሱም ጋር የሚያገናኘው ማስረጃ የተጻፈው በግድግዳው ላይ ነውና፣ ጣሪያውን ብቻ ያየ ሰው ቤተ ጊዮርጊስን ከየትም ያልመጣች ተአምር አድርጎ ቢገምት አይፈረድበትም።

ውስጧ ደግሞ ሌላ ነው። ጫማ በደጅ ይቀራል። ለብቻው የቆመ ዓምድ የለም፤ ዓይን ከጨለማው ጋር እስኪላመድ ድረስ የሚቀድመው የዕጣንና የምንጣፍ ሽታ ነው። ቀጥሎ መጋረጃው፣ ዘንዶውን የሚወጋው ሰማዕት ሥዕል፣ በጥግ የተቀመጠ ከበሮና መቋሚያ ይታያሉ። (ብልጭታ ያለው ካሜራ ይህንን ጨለማ በአንድ ቅጽበት ይገድለዋል፤ የሚገኘውም ምስል የማንኛውም ክፍል ምስል ነው።)

አፋፉና ግርጌው እንዴት እንደሚነጋገሩ ማየት የፈለገ ግን ወደ ቤተ ማርያም መሄድ ይኖርበታል። በልደት በዓል ጧት ካህናቱ ግማሾቹ ማሜ ጋራ በሚባለው የዓለቱ አፋፍ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ግቢው ውስጥ ቆመው ቤዛ ኩሉን ይቀባበላሉ። ከላይ ያሉት በመላእክት፣ ከታች ያሉት በሰው ልጆች ይመሰላሉ። በዚህ ሥርዓት አፋፉ የመመልከቻ ሰገነት ሳይሆን ከዜማው አንዱ ወገን ነው። የላይኛው ያለ ታችኛው መልስ አያገኝም። ጎብኚ ካሜራውን ይዞ ከላይኞቹ መካከል ሲጋፋ ከግማሹ ዜማ ጋር መቆሙን ማስተዋል ነበረበት።

ምስሉ የሚያስከፍለው ዋጋ ከውበት ያለፈ ነው። ቤተ መድኃኔዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ2008 በተጠናቀቁ፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በተሠሩ ታላላቅ መጠለያዎች ሥር ናቸው። መጠለያዎቹ የተተከሉት ዓለቱን ከዝናብና ከፀሐይ ለመከላከል፣ ለጊዜውም ተብለው ነበር። በጊዜ ብዛት ግን የብረቱ ክብደትና ነፋስ ሲነሣ መወዛወዙ ራሱ ስጋት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የከተማዋ ነዋሪዎች ቅርሶቹ ይታደጉልን ብለው ሰልፍ ወጡ። በተከታዩ ዓመት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላን ጎብኝተው ለጥገናው አገራቸው እንደምትረዳ ተናገሩ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ምስል ጣሪያዋ ለሰማይ የተገለጠ፣ ስንጥቅም መጠለያም የሌለባት ቤተ ጊዮርጊስ ነበረ። ናይሮቢ ተቀምጦ ስለ መጠለያዎቹ የሰማ ሰው የምን መጠለያ ብሎ ቢጠይቅ ያስገርማልን? ከዐሥራ አንዱ አንዷ፣ ያውም በመልካም ይዞታዋ የምትጠቀሰው፣ ስለ አሥሩ ሕመም እንድትመሰክር ተደርጋለች።

ፎቶግራፍ አንሺዎች መጠለያዎቹን የሚሸሹበት ምክንያት ግልጽ ነው። ነጩ ጣራና የብረት ምሰሶው ከቀዩ ዓለት ጋር አይዋደድም፤ ገዢም የለውም። ስለዚህ ወይ ከፍሬሙ ይቆረጣል፣ ወይ ፎቶግራፍ አንሺው ተመልሶ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ይሄዳል። ውብ ያልሆነውን ማንሣት የጋዜጠኛ ሥራ ነው ይባል ይሆናል። ጋዜጠኞቹም ግን ያው ናቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ጦርነቱ ላሊበላ ደርሶ ከተማዋ በትግራይ ኃይሎች እጅ ስትገባ በርካታ የዓለም የዜና አውታሮች ከዜናው ጋር ያወጡት ያንኑ ጸጥ ያለ የአፋፍ ፎቶግራፍ ነበር። በወረርሽኙና በጦርነቱ ሳቢያ እንግዳ የራቃቸው አስጎብኚዎች፣ ሆቴሎቻቸው ባዶ የቀሩ ነዋሪዎች፣ ቅዳሴውን ሳያቋርጡ የቆዩ ካህናት በምስሉ ውስጥ አልነበሩም። ከዓመታት በፊት በሰላሙ ጊዜ የተነሣው ፎቶግራፍ ለጦርነቱም ያለ አንዳች ለውጥ አገለገለ። ይህ ስለ ምስሉ ባዶነት ከማንኛውም ሂስ ይበልጥ ይናገራል።

አፋፉን ማንም አይከለክልም፤ መከልከልም አይገባም። ከዚያ የተነሣው ምስል ግን ብቻውን ባይታተም መልካም ነበር። አንድ የመጽሔት ገጽ ለጣሪያው የሚበቃ ከሆነ ቀጣዩ ገጽ ለቦዩ፣ ሌላው የቤተ መድኃኔዓለም አምዶችና የመጠለያው የብረት እግር ጎን ለጎን ለሚታዩበት ምስል ይበቃል። ቦዩ ውስጥ ብርሃኑ ጥሩ የሚሆነው ፀሐይ ከአናት በላይ ስትሆን ነው። በዚያ ሰዓት ግን ጎብኚዎች አብዛኛውን ጊዜ ምሳቸውን ለመብላት ወደ ሆቴላቸው ይመለሳሉ።