የጎብኚ ቁጥርና ሞክሼ ፊደላት፦ የቆዩ የአማርኛ ጦማሮችን ስለማስወገድ የቀረበ ሂስ

የኩባንያዎች ድረ ገጽ በፍለጋ ሞተር በቀላሉ እንዲገኝ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከሚሰጧቸው ምክሮች አንዱ የቆዩ የጦማር ጽሑፎችን በየጊዜው መመርመር ነው። ምርመራው ወደ አራት ውሳኔዎች ያመራል፤ ጎብኚ ያለውን ገጽ እንዳለ መተው፣ መረጃው ያለፈበትን ማደስ፣ ተመሳሳዮችን ወደ አንድ መጠቅለል፣ ጎብኚ የሌለውን ማጥፋት። ለማጥፋት ዋናው ማስረጃ ገጹ በተወሰኑ ወራት ከፍለጋ ያገኘው የጎብኚ ቁጥር ነው። ይህ መለኪያ በአማርኛ ላይ ሲውል የጽሑፉን ዋጋና የአጻጻፉን ልማድ ቀላቅሎ እንደሚለካ ማሳየት የዚህ ሂስ ዓላማ ነው።

ምክሩ በእንግሊዝኛም ቢሆን አከራካሪ ነው። ሲኔት የተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዜና ድረ ገጽ በ2023 እ.ኤ.አ. በሺዎች የሚቆጠሩ የቆዩ ጽሑፎቹን ማንሳቱ ሲታወቅ፣ ጉግል አንድ ጽሑፍ ስላረጀ ብቻ እንዲሰረዝ እንደማይመክር በይፋ ገልጿል። ሲኔት በበኩሉ ከማንሳቱ በፊት ቅጂ እንደሚያስቀር አስታውቋል። የእኛ ጥያቄ ግን ከዚህ ይለያል፤ ቋንቋው ሲለወጥ መለኪያውም ትርጉሙን ይለውጣል ወይ የሚል ነው።

ይህ ጽሑፍ በተዘጋጀበት በናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ፣ ለኪስዋሂሊ ይዘት የሚያዘጋጅ ባለሙያ የአንድን ቃል ፊደል በተመለከተ ብዙም አይቸገርም። በ1928 እ.ኤ.አ. ሞምባሳ ላይ በተደረገው ጉባኤ የዛንዚባር ከተማ ዘዬ ለመደበኛው ኪስዋሂሊ መሠረት እንዲሆን ተመርጧል፤ በ1930 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ ግዛቶች የቋንቋ ኮሚቴም አጻጻፉን አንድ ወጥ አድርጓል። ስለዚህ ፈላጊውና ጸሐፊው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት የፊደል ቅደም ተከተል ይጽፋሉ። የጎብኚ ቁጥር ፍላጎትን ይለካል የሚለው እምነት የሚቆመው በዚህ ስምምነት ላይ ነው።

አማርኛ ይህ ስምምነት የለውም። በድምፅ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ 1200፣ 1210 እና 1280 የሚል የተለያየ መለያ አላቸው፤ የፍለጋው ሥርዓት አስቀድሞ ካላመሳሰላቸው በቀር ለማሽኑ ሦስት የማይገናኙ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ» የሚለው ቃል የመጀመሪያው ፊደል በሁለት፣ የሁለተኛው ፊደል በስድስት መልክ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ሊጻፍ ስለሚችል አሥራ ሁለት አጻጻፎች ይኖሩታል። በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው ጋዜጣ ስሙን «አዲስ ዘመን» ብሎ ሲጽፍ፣ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ርእስ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ይላል። በዚህ አንድ ርእስ ውስጥ የ«አ» እና የ«ዐ»፣ እንዲሁም የ«የአማርኛ» እና የ«ያማርኛ» ልዩነት አለ። የመዝገበ ቃላቱን ሥርዓት የሚከተል የጦማር ጸሐፊ በቁልፍ ሰሌዳው ላይ በቀላሉ የሚገኘውን ፊደል ለሚመርጥ ፈላጊ ላይታይ ይችላል። የዜሮው ምክንያት ፍላጎት ማጣት ይሁን ወይስ ፊደል አለመገጣጠም፣ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም።

ሁለተኛው ምክንያት ቴክኒካዊ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ብሎም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ ብዙ ጽሑፍ የተተየበው ለላቲን ፊደላት በተመደቡ መለያዎች ላይ የግዕዝን ቅርፅ በሚያስቀምጡ የፊደል ዓይነቶች ነው። ሰው በዓይኑ አማርኛ ሲያነብ ማሽኑ የተመሰቃቀለ ላቲን ያነባል። እንዲህ ያለ ሰነድ በአማርኛ ቃል ተፈልጎ ስለማይገኝ ጎብኚ የለውም ተብሎ ቢሰረዝ፣ ፍርዱ የተሰጠው ባልተነበበ ጽሑፍ ላይ ነው።

ዘመንን በተመለከተም ተመሳሳይ ስሕተት ይፈጠራል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጎርጎርዮሳዊው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚዘገይ፣ ርእሱ «የ2016 የግብር መመሪያ» የሚል ገጽ ዓ.ም. የሚለውን ካላየ መርማሪ ፊት ከእውነተኛ ዕድሜው ይልቅ እጅግ ያረጀ ይመስላል።

የተለመደው መፍትሔ በቆየው ጽሑፍ ላይ ያሉትን አጻጻፎች ብዙ ሰው በሚፈልገው አጻጻፍ መተካት ነው። የዚህ ሐሳብ ደጋፊዎች ተገቢ መከራከሪያ አላቸው፤ ሞክሼዎቹ በዛሬው አማርኛ የድምፅ ልዩነት የላቸውም፣ አንባቢም የሚፈልገውን የማግኘት መብት አለው። ነገር ግን «ድኅነት» መዳንን፣ «ድህነት» ደግሞ ማጣትን ለይቶ ለሚጽፍ ሰው መተካቱ የትርጉም ለውጥ ነው። «ሰአለ» ለመነ፣ «ሠዐለ» ሥዕል ሠራ ማለት ሲሆን፣ ሁለቱን በምንጩ ላይ ማዋሐድ ወደ ኋላ የማይመለስ ሥራ ነው። ማመሳሰሉ መደረግ ያለበት በፍለጋው ማውጫ ውስጥ ነው፤ እዚያ ሲደረግ ፈላጊው በየትኛውም አጻጻፍ ገጹን ያገኛል፣ ጽሑፉም ጸሐፊው እንደተወው ይቆያል።

ስለዚህ ለኩባንያዎች የሚሰጠው ምክር ቅደም ተከተሉ ይስተካከል። መጀመሪያ ገጹ በዩኒኮድ የተጻፈ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ካልሆነ ይለወጥ። ቀጥሎ ዋና ቃላቱ በየአጻጻፋቸው ተፈልገው ውጤቱ ተደምሮ ይቆጠር። ሁለት ገጾች በእርግጥ አንድ ጉዳይ የሚደግሙ ከሆነ የቀድሞው አድራሻ በቋሚ ማዛወሪያ፣ ማለትም በ301፣ ወደ አዲሱ ይምራ፤ የቀድሞው ጽሑፍ ቅጂም ከነቀኑ ይቀመጥ። ማጥፋት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ጉዳዩ ለቋንቋ አጥኚ የገበያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። «ኮምፒውተር» እና «ኮምፒዩተር»፣ «ድረ ገጽ» እና «ዌብሳይት» እንዴት እንደተፎካከሩ ከሚያሳዩን የጽሑፍ ማስረጃዎች መካከል የባንክ፣ የአየር መንገድና የንግድ ድርጅቶች ተራ ጽሑፎች ይገኙባቸዋል። እነዚህን ያለ ቀን ማደስ ወይም ያለ ቅጂ መሰረዝ የቃላቱን ታሪክ አብሮ ይሰርዛል። ኮርፐስ የሚያዘጋጁ የዩኒቨርሲቲ ክፍሎች ለማጥፋት የተዘጋጁ ገጾችን ዝርዝር ከኩባንያዎቹ ቀድመው ቢጠይቁ፣ ለኩባንያው ወጪ ሳይጨምሩ ለምርምሩ ሊተካ የማይችል መረጃ ያተርፋሉ።