የሙዚቃ ሣጥኑና ውሉ

ባለፈው ለጉዳይ ደብረ ብርሃን ሄጄ፣ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ሰማሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ ነው የሚከራከረው። አንደኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። «የእንግሊዝ መልእክተኛ አንኮበር ድረስ መጥቶ ንጉሣችንን ደጅ ጠንቷል! የት አገር ነው እንዲህ የሆነው?» ይላሉ። አብሯቸው የተቀመጠው ወጣት ሳቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በሙዚቃ ሣጥን ነው የሸወዱን» አላቸው።

እኔም እንደ ወጉ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። የገረመኝ ሁለቱም የሚጠቅሱት አንድ መጽሐፍ መሆኑ ነው፤ ያውም እንግዳው ራሱ የጻፈውን።

መጽሐፉ የካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሀሪስ ነው። ሰውየው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ከቦምቤይ ተነሥቶ፣ በኤደንና በታጁራ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጦ አንኮበር ገባ። በረሃው ውስጥ ከጓዶቹ ሦስቱ በሌሊት ተገድለውበታል። ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጠመንጃ፣ ትናንሽ መድፎች፣ የካሽሚር ሻልና የሙዚቃ ሣጥን አበረከተ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 16 ቀን አንጎለላ ላይ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ሀሪስ በ1843 ተመልሶ፣ በ1844 ጉዞውን በሦስት ቅጽ አሳተመ። በዚያው ዓመት «ሰር» ተባለ።

መጽሐፉ ይነበባል። ሀሪስ ማየት ያውቅበታል፤ ገበያውን፣ ግብሩን፣ ዘመቻውን ቁልጭ አድርጎ ይስላል። ብዕሩ ግን ማጋነን ይወዳል። በዚያው ሰሞን ሸዋ የነበረው ሌላው እንግሊዛዊ ቻርለስ ጆንስተንም በራሱ መጽሐፍ ተችቶታል። በሀሪስ ገጾች ላይ ንጉሡ ብዙውን ጊዜ በአዲስ ዕቃ የሚደነቁ፣ ስጦታ ባዩ ቁጥር ዓይናቸው የሚበራ ሰው ሆነው ይታያሉ። እኛም ሲያወድሰን እንጠቅሰዋለን፤ ሲንቀን «ፈረንጅ መቼም!» ብለን እንከድነዋለን። ያው ኩባንያ በዚያው ሰሞን ጎረቤቶቻችን ደጅ ምን እንዳደረገ ከጎኑ አስቀምጠን ግን አናነብም።

እስቲ እናስቀምጠው። በ1837 ኤደን አጠገብ አንዲት የሕንድ መርከብ ተሰብራ ተዘረፈች። ካፒቴን ሄይንስ የላህጁን ሱልጣን ሙህሲንን ካሣ ሊጠይቅ መጣ። የካሣው ነገር ወደ ወደብ ድርድር ዞረ፤ ድርድሩ ሲበላሽ፣ በጃኑዋሪ 1839 ኤደን በመድፍ ተያዘች። ሱልጣኑ ዓመታዊ አበል ተቆረጠላቸው። በ1840 የታጁራው ሱልጣን የሙሻ ደሴቶችን በአሥር ከረጢት ሩዝ ለቀቁ። በባሕረ ሰላጤው የዓረብ ሼኮች ዘንድ ደግሞ በ1820 በሰላም ውል የተጀመረው ነገር፣ በ1892 «ያለ እንግሊዝ ከሌላ መንግሥት ጋር አትዋዋሉ» በሚል ውል ተቋጨ። ቅደም ተከተሉ ይለያይ እንጂ የሥራው ዕቃ አንድ ነው፤ ስጦታ፣ ውል፣ አበል፣ መድፍ።

አንኮበር የገባው እንግዳ እንግዲህ ከዚሁ ቤት የተላከ ነው። የሚፈልገውም መንገድና ወሬ ነበር፤ ንግዱ በየት ያልፋል? ፈረንሳይ ምን እያሰበች ነው? ንጉሡም የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር፤ ጠመንጃና የእጅ ባለሙያ። ስጦታውን ተቀበሉ፣ ውሉን ፈረሙ፣ የበሩን ቁልፍ ግን ከእጃቸው አላወጡም። ከአንኮበር ግርጌ አልዩ አምባ የነጋዴዎች ከተማ ናት፤ የይፋት በር በወላስማ መሐመድ እጅ ነው፤ የሚገባውም የሚወጣውም በንጉሡ ፈቃድ ነው። እንግዳ በነፃነት ይገባል ይወጣል የሚል ውል ተፈርሞ ሳለ፣ በ1842 ከሸዋ የወጣው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ ልመለስ ሲል መንገዱ ተዘጋበት። በ1843 ደግሞ ንጉሡ ከፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ጋር ሌላ ውል ተፈራረሙ። ሁለት ተቀናቃኞች ደጃቸው ላይ ተፋጠጡ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ መምህሩ ልክ ናቸው።

ግን ሱልጣን ሙህሲን ኤደንን ያጡት ከሣህለ ሥላሴ ያነሰ ብልኃት ስለነበራቸው ነው ለማለት ይከብዳል። ወደባቸው መድፍ ለጫነ መርከብ የተጋለጠ ነበር። አንኮበር ጋራ አናት ላይ ናት፤ ከፊቷም የአፋር በረሃ አለ። ብልኃታችንን ስንቆጥር ጋራውንም አብረን እንቁጠረዋ! ጋራ የማይከልልበት ቀንም መጥቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ፤ እሳቸውም እንግሊዞቹን አሰሩ፤ በ1868 ናፒየር ከዚያችው ከቦምቤይ ጦር አምጥቶ፣ መድፉን በዝሆን አስጭኖ መቅደላ ደረሰ። የሙዚቃ ሣጥኑና ዝሆኑ የተላኩት ከአንድ ከተማ ነው።

የወጣቱም ቁጭት ከንቱ አይደለም፤ ሣጥኑ ላይ አረፈ እንጂ ማረፍ የነበረበት ወረቀቱ ላይ ነው። በድርድሩ ወቅት ሀሪስን በቋንቋ ያገዘው ያው ክራፕፍ ነው፤ ጀርመናዊ ይሁን እንጂ የእንግሊዝ ሚሲዮናውያን ማኅበር ሠራተኛ። ሥዕሉን የሳለው በርናትዝም ከእንግዳው ጋር የመጣ ነው። ታሪኩን የጻፈው እንግዳው ነው። በእኛ በኩል ከሀሪስ ሦስት ቅጽ ጋር የሚመዛዘን ምስክር የለንም። ስለዚህ ዛሬም በራሳችን ንጉሥ ላይ ስንከራከር፣ የሰውየውን ገጽ ለሁለት ቀደን እንካፈላለን።

ወረቀትን ለሌላ መተው ዕዳ አለው። የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ በ1889 ውጫሌ ላይ ሲፈርሙ፣ የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ አንድ ነገር አለ፤ የጣሊያንኛው ሌላ። ልዩነቱን ለማረም አድዋ ድረስ መሄድ፣ ስንት ሰውም መሞት ነበረበት።

ዛሬስ? «ስምምነት ተፈረመ» ሲባል ቴሌቪዥን የሚያሳየን መጨባበጡን፣ ባንዲራውንና የሚያብረቀርቀውን ብዕር ነው። አንዱ ያጨበጭባል፣ አንዱ «ተሸጥን» ይላል። አንቀጹን ያነበበ ግን ስንት ነው? «ቅኝ አልተገዛንም» ማለት እውነት ነው፤ ኩራትም ነው። ኩራቱ ትራስ ሆኖ ሲያስተኛን ነው ችግሩ። ትራሱን ገለጥ ብናደርገው ከሥሩ ያልተነበበ ውል እናገኛለን።

ክርክሩ ሳያልቅ አስተናጋጇ ሒሳብ ይዛ መጣች። መምህሩ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አጠለቁ፤ ወረቀቷን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አንድ በአንድ አነበቡ። «ልጄ፣ ይቺ ሦስተኛዋ ሻይ የማን ናት? እኛ የጠጣነው ሁለት ነው» አሉ። አስተናጋጇ አየችና ይቅርታ ጠይቃ ሰረዘች።

በሆዴ፣ «ጋሼ፣ ምነው አንጎለላ በነበሩ!» አልኩ።