ከስቱኮው ሥር ያለው ሥራ

ፋይበር ግላስ ጉዳቱን ከዓይን ይልቅ ለጆሮ ይናገራል። ባለሙያው ከጫሞ ሐይቅ ተጎትቶ የወጣውን ጀልባ ሆድ በአንድ ብር ሳንቲም ጠርዝ ቋ ቋ እያደረገ ይዞረዋል። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ንብርብሩ የተላቀቀበት ጋ ሲደርስ ግን ድምፁ ይታፈናል። በዓይን የሚታየው ስንጥቅ የጣት ያህል ቢሆን፣ በሳንቲም የተደረሰበት ጉዳት ክንድ ሊያክል ይችላል። በእርሳስ የሚከበበውም ጆሮ የሰማው ነው።

ቱሪስት ወደ አዞ ገበያ ከሚያመላልሱት ጀልባዎች መካከል የፋይበር አካል ያላቸው አሉ። የአርባ ምንጭን ሙዝ ጭነው ወደ አዲስ አበባ በሚወጡት አይሱዙዎች ጣሪያ ላይ የሚገጠመው የንፋስ መከላከያም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ የተሠራ ነው። ዕቃው በመሠረቱ ሁለት ነገር ነው፤ እንደ ጨርቅ የተሸመነ ወይም እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ የመስታወት ክር፣ እሱን የሚያጣብቀው ደግሞ ሬዚን። የኦሃዮው ሬይ ግሪን በዚህ ዘዴ ጀልባ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1942 ነበር፤ በ1953 ደግሞ ኮርቬት የተባለችው መኪና ሙሉ አካሏ ከፋይበር ተሠርታ ወጣች። ጠመንጃም አልቀረለትም። በቬትናም እርጥበት የእንጨት ሰደፍ እየጠመመ አልሞ ተኳሾችን ሲያስቸግር፣ የአሜሪካ ማሪን ኮር በ1970ዎቹ ኤም 40 ኤ 1 የተባለውን መሣሪያ በፋይበር ሰደፍ አስታጠቀ። እኛም አገር ሰው ሁሉ «ባክላይት» የሚለው ያ ቀላ ያለ ብርቱካናማ የክላሽ ካዝና ውስጡ የመስታወት ክር አለበት።

ጀልባም ይሁን ሰደፍ፣ የጥገናው መንገድ አንድ ነው። ደንበኛ አይቶ የሚያደንቀውና ገንዘብ የሚከፍልበት የመጨረሻው ቀለም ነው። ጥገናው የሚጸናው ወይም የሚከሽፈው ግን ሬዚኑ ከመከፈቱ በፊት ነው።

መጀመሪያ ስብ ይወጣል። ጀልባ ላይ የነዳጅ ጠብታና የዓሣ ስብ፣ ሰደፍ ላይ ከመሣሪያው ብረት የሚወርደው ዘይት ላዩን ይዞታል። ይህ በአሴቶን ሳይጠረግ በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ፣ ቅባቱ ወደ ውስጥ ይታሻል እንጂ አይወጣም፤ ከዚያ በኋላ የሚለጠፍ ሁሉ አንድ ቀን ይላጣል። ቀጥሎ ማድረቅ ነው። በንብርብሩ ውስጥ የገባ ውሃ ካልወጣ ሬዚኑ በደንብ አይይዝም። የአርባ ምንጭ ፀሐይ ለዚህ ትረዳለች፤ በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ ግን ጥድፊያ ዋጋ ያስከፍላል።

ከዚያ መቁረጥ ይመጣል፤ ደንበኛ ቆሞ ሲያየው የሚደነግጠውም እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ስንጥቅ ይዞ የመጣ ሰው በግራይንደር ሰፊ ቀዳዳ ተከፍቶ ያገኛል። የላላውና የነጣው ሁሉ ጤነኛው እስኪገኝ ድረስ ይወጣል፤ ዙሪያው ደግሞ ወደ ቀዳዳው እየሳሳ እንዲወርድ ይሞረዳል። በጀልባ ሥራ የተለመደው መጠን 12 ለ1 ነው፤ ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር ከሆነ የሚሳሳው ዳር በየአቅጣጫው 6 ሴንቲሜትር ይሆናል። በሸማኔ አገር ምክንያቱን ማስረዳት ቀላል ነው። ሸማኔ የተበጠሰ ድር ቋጥሮ ይቀጥላል፤ የመስታወት ክር ግን አይቋጠርም። አዲሱ ክር የአሮጌውን ሸክም የሚረከበው ረጅም ርቀት በላዩ ተኝቶ ብቻ ነው። ዳሩ በአጭሩ ከተቆረጠ የተለጠፈው ቁራጭ እንደ ቡሽ ተወትፎ ይቀመጣል፤ ማዕበል ሲመታውም ተጠራርጎ ይወጣል።

ከከተማው በላይ፣ በጨንቻ መንገድ፣ የዶርዜ ቤት ጥገናም ከመቁረጥ ይጀምራል። አዲስ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር የሚደርሰው የቀርከሃ ቤት ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ይጣልና ቤቱ ዝቅ ይላል፤ በዚህ ዓይነት እያጠረ አሥርት ዓመታት ይኖራል። የፋይበር ባለሙያው ይህ ዕድል የለውም፤ ጀልባን ማሳጠር አይቻልም፤ የቆረጠውን ያህል መልሶ መሙላት አለበት።

ጨርቁ ሲነጠፍ ትልቁ ቁራጭ ይቅደም ወይስ ትንሹ? በዚህ ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። ትልቁን ከታች የሚያደርጉት ወገኖች ክርክር ያሳምናል፤ ከአሮጌው አካል ጋር በሙሉ ስፋቱ የሚገናኘው ያልተቆረጠ ክር ይሆናል፣ በኋላ ላዩ ሲፋቅም ይህ ንብርብር አይነካም። የክሩ አቅጣጫም ይታሰብበታል፤ ጨርቅ የሚጠነክረው በድሩና በማጉ መስመር ስለሆነ፣ አንዱ ንብርብር ቀጥ፣ ቀጣዩ ሰያፍ ይደረጋል። ሬዚኑ በብሩሽ ሲጠጣ ነጩ ጨርቅ ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ ክሩ መስታወት ነውና ሲርስ ብርሃን ያሳልፋል። ነጭ ሆኖ የቀረ ነጥብ ካለ አየር አለ ማለት ነው፤ በሮለር እየተገፋ ይወጣል።

የአርባ ምንጭ ባለሙያ ትልቁ ተጋጣሚ ሙቀት ነው። ፖሊስተር ሬዚን የሚጠነክረው በክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ሃርድነር ሲገባበት ነው፤ ለግማሽ ኪሎ ሬዚን ከ5 እስከ 10 ግራም መሆኑ ነው፣ በሲሪንጅ የሚለካ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመሥሪያ ጊዜው በግምት በግማሽ ያጥራል፤ እኩለ ቀን ላይ ከ30 ዲግሪ በሚያልፍ ከተማ ደግሞ ብሩሹ ሳይነሳ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ይረጋል። ሃርድነሩን ከ1 በመቶ በታች ማውረድ መፍትሔ አይደለም፤ እንዲህ የተቀመመ ሬዚን መቼም በቅጡ አይበስልም። ብልሃቱ ማለዳ መሥራት፣ በጥቂት በጥቂቱ መቀመም፣ የተቀመመውንም በሰፊ ዝርግ ሳህን ማድረግ ነው። በጥልቅ ጣሳ የተከማቸ ሬዚን የራሱን ሙቀት ይዞ ይጨሳል፣ ይሰነጠቃል። የመጨረሻው ንብርብር አየር ስለሚነካው ላዩ እየተጣበቀ ይቀራል፤ ላስቲክ ወጥሮ ቢሸፍኑት ይደርቃል።

ሃርድነሩ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ጠብታ ከገባ ያኔውኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እያጠቡ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው፤ ስለዚህ መነጽርና ጓንት ሳይደረግ ክዳኑ አይከፈትም። አንድ ሌላ ነገርም አለ፦ ሬዚኑን የሚያፋጥነው ኮባልት ከሃርድነር ጋር በቀጥታ ከተቀላቀለ ይፈነዳል። የሚፋቀው ብናኝ ቆዳ ያሳክካል፣ ሳንባም ውስጥ መግባት የለበትም። በአፍንጫ ላይ ሻሽ ጠምጥመው የሚሞርዱ ወጣቶችን ማየት ያሳዝናል፤ ሻሽ የሬዚን ሽታንም ሆነ ብናኙን አያስቀርም።

ስቱኮ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ለማስተካከል እንጂ ለማጠንከር አይደለም። ስንጥቅን በስቱኮ ብቻ ደፍኖ ቀለም መቀባት ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ስንጥቁ በዚያው መስመር ተመልሶ ብቅ ይላል። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱ ከ80 ቁጥር ተነሥቶ በ120 እና በ240 አልፎ በውሃ እስከሚፋቀው 400 ይደርሳል። ሰደፍ ላይ ጥንቃቄው ይበዛል፤ የጠመንጃው በርሜል የሚተኛበት ቦይ ላይ ቀጭን የሬዚን ጉብታ ቢቀር እንኳ ብረቱን ይነካና ዒላማ ያስታል። በመሆኑም በብረቱና በሰደፉ መካከል ወረቀት እያሳለፉ ይፈትሹታል። በእኛ አገር መሣሪያው ራሱ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚተዳደር ስለሆነ፣ የፈቃዱ ጉዳይ ከብርጭቆ ወረቀቱ ይቀድማል።

ቀለም ላይ ክርክር አይጠፋም። ባለጀልባው ደማቅ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ይፈልጋል፤ ባለሙያው «ጋሼ፣ ነጭ ይሁን» ይላል። ጥቁር ቀለም ፀሐይ ላይ ከነጩ እጅግ ይግላል፣ ተራ ፖሊስተር ደግሞ ሙቀት ሲበዛበት ይለሰልሳል፤ ከሥር የተለጠፈው የጨርቅ ሽመናም በቀለሙ ላይ ታትሞ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ የሚስማሙት ሆዱ ነጭ፣ ከላይ ጠርዙ ላይ አንድ ሰማያዊ መስመር በሚለው ነው።