የሚንቀሳቀስ ሁሉ አይተውንም፤ የካርቱን ፊልም ተማሪና የጋምቤላ ምሳሌ

ሥዕልን ማንቀሳቀስ አንድ ነገር ነው፤ ሥዕልን ማስተወን ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰከንድ ለሚፈጅ እንቅስቃሴ በሲኒማ ልማድ 24 ምስሎች ይደረደራሉ። የምስሎቹ ቁጥር መሙላቱ እግር መነሳቱንና እጅ መዘርጋቱን ያሳያል እንጂ፣ እግሩ ለምን እንደተነሳ፣ እጁም ምን ፈልጎ እንደተዘረጋ አይናገርም። ይህን «ለምን» የሚመልሰው ትወና ነው። የካርቱን ፊልም ሠዓሊ መድረክ ላይ የማይወጣ ተዋናይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኮምፒዩተር ፕሮግራም አጠቃቀም ብቻ የሠለጠነ ተማሪ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው የሚራመድ እንጂ የሚኖር ገጸ ባሕርይ አይደለም። ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው ደግሞ ሠዓሊው ከራሱ አካባቢ የተለየ ሰው ሲስል ነው። ለዚህም ጋምቤላ ሁነኛ መፈተኛ ናት።

የጉድለቱ ሥር ጥልቅ ነው። በአገራችን ሠዓሊና ተዋናይ ያደጉት በተለያየ ቤት ነው። የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው የቲያትር ጥበባትን በትምህርት ክፍል ደረጃ ማስተማር የጀመረው ሃያ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ሠዓሊው ቅርጽን፣ ብርሃንንና ቀለምን ተማረ፤ ተዋናዩ በአመዛኙ ቃልን ወረሰ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ተውኔት፣ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ»፣ ገጸ ባሕርያቱ እንስሳት ነበሩ፤ ትችቱን የተሸከመው ግን ንግግራቸው ነው። ከቅኔና ከወግ የተወለደው ቲያትራችን ለጆሮ የደላ ነው። በመሆኑም የቲያትር መምህር ወደ ካርቱን ፊልም ክፍል ተጋብዞ ሲገባ ይዞ የሚገባው ድምፅን ነው፤ ተማሪው የሚሻው ደግሞ አካልን ነው።

በዓለም የታወቁት የሙያው ሊቃውንት አካልን አስቀድመዋል። የቼኩ የአሻንጉሊት ፊልም ባለሙያ ይርዢ ትርንካ እ.ኤ.አ. በ1965 በሠራው «እጅ» የተሰኘ ፊልም ውስጥ የአሻንጉሊቱ ፊት የተቀባ ነው፤ አይስቅም፣ አያለቅስም። ተመልካቹ ፍርሃቱን የሚያነበው ከትከሻው ማዘንበል፣ ከእርምጃው መታቀብና ፊቱ ላይ ከሚያርፈው ብርሃን ነው። በአፍሪካ የካርቱን ፊልም ፈር ቀዳጅ የሆነው የኒጀሩ ሙስጠፋ አላሳን እ.ኤ.አ. በ1966 «መልካም ጉዞ ሲም» በተባለው ሥራው እንቁራሪቶችን ባለሥልጣን አድርጎ ሹማምንትን ተሳልቆባቸዋል። የሁለቱም ትምህርት አንድ ነው፤ ስሜት የሚወጣው ከፊት መጨማደድ ሳይሆን ፈልጎ ከሚንቀሳቀስ አካል ነው።

ከእኛም ዘንድ ምሳሌ አይጠፋም። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያቀረቡት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተነሣው ከካልሲ ከተሠራች ቀጭኔ ነው። የካልሲ ፊት ብዙ አይለዋወጥም፤ ያም ሆኖ ሕፃናት ፀሐይን እንደ ጓደኛ ተቀበሏት። ምክንያቱም ካልሲው ውስጥ ያለው እጅ ይተውናል፤ መጠየቅ ሲፈልግ ይሰግጋል፣ ሲያፍር ይሰበራል። ውጭ አገር የሚኖረው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሂሳብ» በተሰኘው ሥራው የታክሲውን ተረት በቀለም ቅብ አንቀሳቅሶታል። ተረቱን የማያውቅ የለም፤ አህያ፣ ፍየልና ውሻ ታክሲ ተሳፈሩ። አህያ ሂሳቧን በትክክል ከፈለች፤ ፍየል ሳትከፍል ሮጠች፤ ውሻ መልሱን ሳይቀበል መኪናው ሄደበት። እነሆ መኪና ሲመጣ አህያ ንቅንቅ አትልም፣ ፍየል ትሸሻለች፣ ውሻ እየጮኸ ያሳድዳል። ይህ ተረት ለካርቱን ፊልም ተማሪ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊሆን ይገባዋል። መንገዱም መኪናውም አንድ ነው፤ ሦስቱን እንቅስቃሴ የለያየው የየራሳቸው ምክንያት ብቻ ነው።

አሁን ይኸው ተማሪ ወደ ጋምቤላ ይሂድ። ውኃ ቀድታ ከባሮ የምትመለስ ሴት እንዲስል ይታዘዝ። ደጋ ያደገ ከሆነ እጁ የለመደው እንስራ በጀርባ ያዘለችውን፣ ወገቧ የጎበጠውን፣ ዓይኗ ከእግሯ ሥር የማይርቀውን ሴት ነው። የጋምቤላዋ ሴት ሸክሟን በራሷ ላይ ታኖራለች። አንገቷ ቀጥ ይላል፤ የመሬቱን ጉርብጥብጥ የሚውጠው ወገቧና ጉልበቷ ነው፤ እይታዋ ሩቅ ነው። ከኋላ ሰው ቢጠራት አንገቷን አታዞርም፤ መላ አካሏን ታዞራለች። ይህች አንዲት መዞር ጨዋነትን፣ ጥንቃቄንና ክብደትን በአንድ ጊዜ ትናገራለች። ተማሪው ይህን ካላየ የሚስለው የፊቷ ቀለም ተቀይሮ አካሄዷ ያልተቀየረ ደገኛ ነው። የጋምቤላ ሕፃን አያቱን በስክሪን ላይ አይቶ ሊያውቃት አይችልም። ይህ የአሳሳል ስሕተት ብቻ ሳይሆን ሰውን በሌላ ሰው አካል መተካት ነው።

በጋምቤላ አኝዋክ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው። አካል ከቋንቋ በላይ ይሻገራል ቢባል እውነትነት አለው፤ ሁሉም ምልክት ግን ይሻገራል ማለት አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «አዎ» ይላል፤ ለማያውቀው ተመልካች ይህ ድንጋጤ ሊመስል ይችላል። በአንጻሩ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌር ባሳተመው መጽሐፍ እንደተዘገበው፣ ወጣቱ በጭፈራ ላይ ክንዶቹን ከፍ አድርጎ የበሬውን የቀንድ አወጣጥ ይቀርጻል። ይህ የእንስሳ ቀልድ አይደለም፤ ወጣቱ በስሙ የሚጠራበትን በሬ በአካሉ መሸከም ነው። ዘመናዊ የትወና ትምህርት ቤቶች እንስሳን አስተውሎ በአካል መግለጽን እንደ ልምምድ ይሰጣሉ፤ እዚህ ግን ነገሩ ከልምምድ በፊት ሕይወት ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ ጭፈራውን በቪዲዮ ቀድቶ በላዩ መሳል ይበቃል የሚል ቢኖር ይሳሳታል። ቅጂ ውጫዊውን መልክ ይሰጣል፤ ምክንያቱን አይሰጥም። የመድረክን ትምህርት እንዳለ ማዛወርም አያዋጣም። ተዋናይ ስሜቱን በቅጽበት ኖሮ ያልፋል፤ ሠዓሊው ግን ያንኑ ቅጽበት ከፋፍሎ ለቀናት ይሠራዋል፤ በመጨረሻው ምስል ላይ የመጀመሪያው ፍላጎት መቀዝቀዝ የለበትም። ስለዚህ ለእርሱ የሚያስፈልገው ስታኒስላቭስኪ አጥብቆ ያስተማረው ጥያቄ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ አሁን ምን ይፈልጋል? ምንስ ይከለክለዋል?

ትምህርቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ተማሪው ኮምፒዩተሩን ከመክፈቱ በፊት ተነሥቶ ይተውን። አንድን ድርጊት፣ ለምሳሌ ሸክም ማውረድን፣ በድካም፣ በቁጣና እንግዳ በመቀበል ምክንያት ሦስት ጊዜ ይሥራው። ቀጥሎ ሥዕሉን ፊትም ልብስም የሌለው ጥቁር ጥላ ያድርገው፤ ጓዶቹ ከጥላው ምክንያቱን ካነበቡ ተውኗል፤ ካላነበቡ ገና ተንቀሳቅሷል። የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ በሚጠጋባት ከተማ የእኩለ ቀን እርምጃ ከማለዳው እንደሚለይ፣ ጥላ ሥር መቆምም ድርጊት እንደሆነ ወጥቶ ይይ።

ከሁሉ በላይ ጋምቤላ የሥዕል ርዕስ ብቻ ሆና መቅረት አይገባትም። በከተማዋ ያሉት ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ እንዲህ ያለ ትምህርት ቢጀምሩ፣ ደገኛው ተማሪ በብዙ ትጋት የሚያስተውለውን የአካባቢው ወጣት ከልጅነቱ ጀምሮ በአካሉ ያውቀዋል። የሚጎድለው እርሳሱና ዕውቀቱን በሥርዓት የሚያወጣበት መምህር ነው። እርሱን ማስተማር ማለት የማያውቀውን መስጠት ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀው ነገር ትወና መሆኑን ማሳየት ጭምር ነው።